የብርዝ ሰፈፍ

እኔ ጉድለት የሚያይ ዓይን ይዤ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። ሙያዬ ባትላሜራ ነው፤ የተጋጨ መኪና እቀጠቅጣለሁ፣ ስቱኮ እሞላለሁ፣ እስኪለሰልስ እፈገፍጋለሁ። ሰው ቤት ስገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኔ የሚያርፈው የተጣመመው በር ላይ ነው። ዘይቡን ባገባሁ በሳምንቱ አማቶቼ ምሳ ጠርተውኝ የቡፌያቸውን ስንጥቅ ስቆጥር ተይዣለሁ፤ ሚስቴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም። ጅማ ውስጥ ብትጠይቁ "የጀማለዲን እጅ ወርቅ ነው" ይሏችኋል። ያ ወርቅ የተባለ እጅ አንድ ክረምት ያደረገውን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

የሰባ ስድስት ክረምት ነበር። አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው ተብሎ ከአጥር እስከ ድልድይ ቀለም ያልነካው ነገር አልነበረም። ሥራ ቤቴ አወቱ ወንዝ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ቦታ ነበረች፤ ሠራተኞቿም ሁለት ብቻ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ኑሪ። እናታችን ስትሞት ኑሪ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። እጁን እጄ ውስጥ አስቀምጣ "አደራ" አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። እኔና ዘይቡ አላህ ልጅ ስላልሰጠን ያሳደግነው እሱን ነው። በዚያ ክረምት ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ እኔ የምቆጣበትን ሁሉ በሳቅ የሚያሳልፍ።

ሐምሌ እንደገባ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱት ወጣቶች ስም ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። የሚሰበሰቡት ነሐሴ ሃያ ነው ተባለ። ኑሪ ከላይ ሦስተኛ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ዘይቡ ለእኛ ምግብ አቅርባ እሷ ሳትቀምስ ትነሣ ጀመር።

በዚያው ሳምንት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደምመላሽ ሥራ ቤቴ መጣ። መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ ለአንድ ሹፌር የመኪና ኮፈን በፋይበር ግላስ ሠርቼለት ስለነበር ወሬው ደርሶት ኖሯል።

"ሃምሳ ኮከብ እፈልጋለሁ" አለኝ። "ከሥሩ የቡና ቅርንጫፍ ያለው። ከዚህ እስከ አጋሮ፣ እስከ ሊሙ ድረስ በየቡና ከተማው መግቢያ ይሰቀላል። ቆርቆሮው ይዝጋል፣ እንጨቱ በእኛ ዝናብ ያብጣል። አንተ በፋይበር ትሠራዋለህ፣ ጓድ ጀማለዲን።"

"ብቻዬን አልችልም፣ ጓድ ሊቀመንበር" አልኩት። "ፋይበር የለመደ እጅ የእኔና የኑሪ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዳችሁብኝ እርስዎም ኮከብ የለዎትም።"

ደምመላሽ ደግ ሰው ነበር አልልም፤ ግን እሱም በዓሉን ይፈራው ነበር። እዚያው መኪና ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጻፈ፤ ኑሪ ለበዓሉ ሥራ አስፈላጊ ስለሆነ ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ከዘመቻው ይቆይ የሚል። ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ መታበት።

"ነሐሴ ሃያ ሥራ ላይ ከተገኘ ይህ ዙር አለፈው ማለት ነው" አለኝ። "ሥራው ቀድሞ ካለቀ ግን ወረቀቱ ወረቀት ነው። ጳጉሜን አምስት ደግሞ ሃምሳውም ካልደረሰልኝ፣ አንተም እኔም ጉዳችን ነው።"

ነገሩ ለሕፃንም ግልጽ ነበር። ሥራው ከነሐሴ ሃያ በፊት እንዳያልቅ፣ ከጳጉሜን አምስትም እንዳያልፍ። ዘይቡ ወረቀቱን ተቀብላኝ ከቁርኣኑ ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቀለለችው።

መጀመሪያ ኮከቡን ከዋንዛ ጠረብኩት። እንጨቱ ሰም ይቀባል፤ በሰሙ ላይ ጄልኮት የሚሉት ወፍራም ቀለም መሳይ ነገር ይለቀለቃል፤ በዚያ ላይ ፋይበር ግላስ የሚባለው የመስታወት ክር ረዚን በሚሉት ሙጫ እየራሰ ይደረባል። ደርቆ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ጎድጓዳ ፎርማ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እንጨቱ ሥራ የለውም፤ ኮከብ ሁሉ የሚወለደው ከፎርማው ሆድ ነው። ፎርማው ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ሃምሳው ኮከብ ላይ እብጠት ሆና ትወጣለች።

ጣጣው የመጣው በሰሙ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የጣሳ ሰም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ግን ጠፍቷል። ዘይቡ በረመዳን ብርዝ ስታዘጋጅ ከማሩ ላይ የተንሳፈፈውን ሰፈፍ አጠራቅማ ስለነበር "ይኸው፣ ሰም አይደል?" ብላ ሰጠችኝ። አቅልጬ በሻሽ አጠለልኩትና እንጨቱን ቀባሁት። ሰፈፍ ውስጥ ማር እንደሚቀር የማያውቅ የጅማ ሰው የለም። ማር ይጎዳል ብሎ የሚጠረጥር የጅማ ሰው ግን እኔ አላየሁም።

ፎርማው ከእንጨቱ ሲላቀቅ ሆዱ ፈንጣጣ የመታው ፊት መስሎ ወጣ። ማሩ ጠብታ ጠብታ ሆኖ በቀረበት ሁሉ ጄልኮቱ ሸሽቷል። ከፎርማው ያወጣነውን የመጀመሪያውን ኮከብ ሰብስቤ አየው። ሰብስቤ ቀለም ቀቢያችን ነው፤ ከደቡብ መጥቶ እዚህ የከረመ ጴንጤ፣ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ሲቀባ በለሆሳስ የሚዘምር ሰው። ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ወንድሜ ጀማል፣ አብዮቱ ኪንታሮት አወጣ እንዳይሉህ።"

ኑሪ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ኪንታሮቱን ማውረድ የኑሪ ሥራ ሆነ። እያንዳንዱን እብጠት በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ሲወርድ የሚከፈተውን ቀዳዳ በስቱኮ ይደፍናል፣ ስቱኮው በክረምቱ እርጥበት እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደገና ይፈገፍጋል። አንድ ኮከብ አንድ ቀን ይፈጃል። የጀመርነው ሐምሌ አሥራ ሁለት ነው፤ በዚህ አካሄድ ሃምሳኛው ጳጉሜን አንድ ላይ ይወጣል። እኛ ብንለካው እንኳ እንዲህ አይገጥምም ነበር። ዘይቡ ይህን ስትሰማ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ያን ዕለት ማታ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ በላች።

አሥር ኮከብ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሲሰቀሉ ለማየት በጭነት መኪና አጋሮ ድረስ ሄድኩ። አለመሄድ ነበረብኝ። ዝናቡ አባርቶ ጸሐይ ከጎን ስትመታው የተደፈነው ቦታ ሁሉ ጥላ ጣለ። ቡና የጫነ ሁሉ በሥሩ ያልፋል፤ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። እኔ ግን አየሁት። የእጄ ሥራ፣ በአደባባይ፣ ጎርበጥባጣ ሆኖ። ጅማ እስክደርስ መንገዱን በሙሉ በልቤ ስፈገፍግ መጣሁ።

ኑሪ ደግሞ ማሳል ጀምሮ ነበር። የፋይበሩ ብናኝ ክንዱን አሳክኮት እስኪደማ ያከዋል። ፎርማው ቢስተካከል ልጁ ያርፋል አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱም ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

ሐምሌ ሃያ ሁለት እሑድ ነበር። ዘይቡ ለዘመድ ለቅሶ አጋሮ ሄዳለች። ኑሪን ለወጣቶች ስብሰባ ጠርተውታል። ብቻዬን ፎርማው ፊት ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት፣ የቀረ ማር እንዳይኖር። ከዚያ ሆዱን በአምስት ሳንቲም ቀስ እያልኩ መታሁት፤ ድምፁ ባዶ የሚልበት ቦታ ከቆዳው ሥር አየር ያዘለ ነው። ያንን በምስማር ጫፍ ከፈትኩት። የተደበቀ ጉድለት ካልከፈቱት አይድንም፤ ይህን ለኑሪ ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ቀዳዳዎቹን ስቆጥር መቶ አርባ ሦስት ሆኑ። እያንዳንዱን ዙሪያውን አሻከርኩ፣ በአሴቶን ጠረግኩ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ጸሐይ ላይ አደረቅኩ። ከዚያ ጄልኮቱን ከማድረቂያው ጋር በጥቂት በጥቂቱ እየበጠበጥኩ በክብሪት እንጨት ጠብታ ጠብታ ሞላሁት፣ ከአፉ ትንሽ ከፍ እስኪል። አየር ከነካው ላዩ እየተጣበቀ ስለሚቀር በስኮች ፕላስተር ሸፈንኩት። ሲጠነክር ብርጭቆ ወረቀቱን በጎማ ቁራጭ ጠቅልዬ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ ውሃ እያፈሰስኩ ፈገፈግኩ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት። ምሳ አልበላሁም። የቀትሩ ሶላት፣ ዝሁርም ሊያልፈኝ ነበር። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ የጣቶቼን ጀርባ ሆዱ ላይ አንሸራተትኩ፣ ጀርባው ከመዳፉ ይልቅ ያውቃልና፤ አንድም ቦታ አልያዘኝም። አንድ ሹፌር በዚያው ሰሞን ግማሽ ጣሳ የመኪና ሰም አምጥቶልኝ ስለነበር እሱን ቀባሁት። የብርዙን ሰፈፍ አወቱ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።

ኑሪ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ፎርማውን ዳሰሰውና አፏጨ።

"ጋሼ! ይኼ እኮ መስታወት ነው! ታዲያ አሁን አንድ ኮከብ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"በቀን ሦስት ይወጣል" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። "መፈግፈግም የለም፣ ስቱኮም የለም።"

እጁን ከፎርማው ላይ አነሣ። ያን ጊዜ ነው ፊቱን ያየሁት። ያልኩት ነገር ለእኔ የገባኝ በእሱ ፊት ላይ ነው።

"ቀስ ብለን እንሠራለን" አልኩት በፍጥነት። "በቀን አንድ ብቻ እናወጣለን። ማን ያውቃል?"

"እሺ ጋሼ። ማል ጎና" አለ፤ ምን እናደርጋለን ማለቱ ነው። ከዚያ እንደ ልማዱ ሳቀ።

ዘይቡ ማክሰኞ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ሥራ ቤቱ መጣችና ንጹሑን ኮከብ ቆማ አየችው። ከዚያ ፎርማውን አየች። ሚስቴ ከመኪና ሥራ የምታውቀው ነገር የለም፤ ይህን ለማወቅ ግን ሙያ አያስፈልግም።

"ሰፈፉን የሰጠሁህ እኔ ነበርኩ" አለች። "አላህ በእኔ እጅ ነበር የሰጠህ። አንተ የደፈንከው ቀዳዳ አይደለም ጀማል፣ የአላህን እዝነት ነው።"

"ቀስ እንላለን ብያለሁ እኮ!" ብዬ ጮኽኩባት። ጥፋተኛ ሰው ድምፁ ትልቅ ነው።

ሦስት ቀን ቀስ አልን። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ደምመላሽ ከክፍለ ሀገር የመጡ ሁለት እንግዶች ይዞ ከች አለ። አንድ ኮከብ ፎርማው ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል። "እስቲ አውጣው" አለኝ። ጠርዙን በእንጨት ሽብልቅ መታ መታ ሳደርገው ከሆዱ ዝልል ብሎ ወጣ፣ ምንም እንከን የለው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ደምመላሽ በሙሉ ፊቱ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ? ይህንንማ ማንም ያወጣዋል!" አለ። "ታዲያ ለምን በቀን አንድ ትላላችሁ? ከሰኞ ጀምሮ አራት ሰው ከቀበሌ እልክልሃለሁ። አንተ አሳያቸው።"

"ረዚኑ በዝናብ ቶሎ አይደርቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር..." ስል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"ጀማለዲን፣ አንድ ነገር ልምከርህ። ሥራ ማጓተት ሌላ ስም አለው። እኔ ያንን ስም ልጠራው አልፈልግም።"

ያ ቃል ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አሻጥር ነው። በዚያ ቃል ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች ቤተሰቦች ገና ለቅሶ አልተቀመጡም ነበር።

ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበረው አርብ፣ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሲሄድ እኔ ሥራ ቤት ቀረሁ። ምስማሩን አነሣሁ። መቶ አርባ ሦስቱንም ቦታ አስታውሳቸው ነበር፤ ዛሬም አስታውሳቸዋለሁ። ሃያውን ብከፍት ይበቃል። ኮከቦቹ እንደገና ኪንታሮት ያወጣሉ፣ የሰለጠነ እጅ ያስፈልጋል፣ ያ እጅ የኑሪ ነው፣ ነሐሴ ሃያ ያልፋል። ሰሙ ነው፣ እርጥበቱ ነው እላለሁ። የምስማሩን ጫፍ በኮከቡ ቀኝ ክንድ ላይ አሳረፍኩት።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ኑሪ ከኋላዬ መጥቶ ምስማሩን ከጣቴ አወጣው።

"ተው ጋሼ" አለ። "ያውቁብሃል። ትላንት እንግዶች ያዩት ፎርማ ዛሬ በራሱ አይቦረቦርም። አንተን ከወሰዱህ ዘይቡ ምን ይውጣታል? እኔ ሄጄ እመለሳለሁ፤ የሚመለስ አለ እኮ። አንተ ከሄድክበት የሚመለስ የለም።"

አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ይኼ ነው፤ ወንድም ለወንድሙ ሲል ምስማር ነጠቀ። ዘይቡም የምታውቀው ይህንኑ ነው።

እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ኑሪ ከመድረሱ በፊት ምስማሩ ቆሟል። የፈራሁት ደምመላሽን አልነበረም፤ ደምመላሽ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። ያንን የመሰለ ገላ መጫር አቃተኝ። እናቴ አደራ ብላ የኑሪን እጅ ያስቀመጠችበት እጅ አንድ ጭረት መጫር አቃተው። ወንድሜ መጥቶ ሰበብ ሰጠኝ፣ እኔም ተቀበልኩት።

ሃምሳኛው ኮከብ ነሐሴ አሥር ወጣ። ሰብስቤ ቀባውና ብሩሹን አጥቦ ሲያበቃ ትከሻዬን ጨብጦ ሳይቀልድ ሄደ። ደምመላሽ ወረቀቱን እንድመልስ ጠየቀኝ፤ ዘይቡ ከቁርኣኑ ጨርቅ ፈትታ ሰጠችው። ፎርማውንም ለሌላ አውራጃ ያስፈልጋል ብሎ ወሰደው።

ነሐሴ ሃያ ልጆቹን የጫኑት የጭነት መኪናዎች ከተማው መግቢያ አደባባይ ላይ ተሰለፉ። ኑሪ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ከበላዩ የተሰቀለውን ኮከብ በጣቱ እያሳየ በኦሮምኛ አንድ ቀልድ ጮኾ ተናገረ፤ በሞተሩ ድምፅ አልሰማሁትም። አጠገቡ የነበሩት ልጆች ግን ሳቁ። ዘይቡ መኪናው እስኪታጠፍ ሳታለቅስ ቆመች። ቤት ስንገባ ሦስት ሰሃን አውጥታ አንዱን መልሳ አስቀመጠችው።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከሰሜን ሌላ አንድ። ከዚያ በኋላ ምንም። ሞተ ያለን ሰው የለም፤ አለ ያለንም የለም። ዘይቡ በየሶላቷ በሕይወት እንዳለ ሰው ትለምንለታለች። እኔ እንዴት ብዬ እንደምለምን አላውቅበትም።

መንግሥት ሲለወጥ ሰው ኮከቦቹን ከየከተማው መግቢያ አወረዳቸው። ፋይበር አይዝግ፣ አይበሰብስ፤ ለሁሉም ነገር ሆኑ። አንዱን የአጥር ቀዳዳ መድፈኛ፣ አንዱን የአሸዋ መዛቂያ ሆኖ አይቻለሁ። ለስላሳዎቹን ሳይ ዞር ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው ዓመት ግን አጋሮ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ግቢ መኪና ልጠግን ገብቼ፣ ዶሮዎቿ ከተገለበጠ ኮከብ ውሃ ሲጠጡ አየሁ። ቀለሙ ተልጧል። ውሃውን አፍስሼ አገላበጥኩትና የጣቶቼን ጀርባ አንሸራተትኩበት። ያዘኝ። ጥቂት አለፍ ስል ደግሞ ያዘኝ። ስቱኮ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያጋደለ፤ ኑሪ ግራኝ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ አሥር አንዱ ነው። ሴትዮዋ ሥራዬን በነፃ ሠርቼ ኮከቡን ብቻ ስለምናት አእምሮዬን ተጠራጥራ ሰጠችኝ። ዘይቡ በር ላይ ተቀበለችኝ፣ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ጭቃውን አጥባ ከአልጋችን ፊት ለፊት ሰቀለችው። ጧት ጧት ጸሐይ ከጎን ስትመታው ጉድለቱ በሙሉ ይታያል። አንድ ቀን ዘይቡ "አታስተካክለውም?" አለችኝ። አይሆንም አልኳት።